ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ምንጭ

ሳን ሊያንድሮ፣ ማርች 3 ቀን 2024

ሰረቀብርሃን ወንድሜ፣

«ስልኳ ለምን ተዘጋ፣ ታማ ነው ወይ» እያልክ በሰው ስታስጠይቅ ከርመሃል አሉ። አልታመምኩም። የዘጋሁት እኔው ነኝ። ድምፄን ሰው እንዲቀዳው የምፈቅደው በደሞዝ ነበር፣ እሱም ድሮ ሬድዮ ጣቢያ ሳለሁ ነው። ከእንግዲህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ፤ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር በእጅ ይደርስሃል። ይህን የያዘችልህ ኢክራም ናት። ሻንጣዋ ሞልቶ ከደብዳቤው በቀር ምንም አልተቀበለችኝምና «ሌላ ዕቃ የለም ወይ?» ብለህ እንዳታሳፍረኝ።

ቪዲዮውን ሳታየው አትቀርም። ናዖድ የሚባለው ጉድ «ሳሎንና ጓዳ» በሚለው ዩቲዩቡ ላይ «የሬድዮዋ እናት እናት አልነበረችም!» ብሎ ፎቶዬን ለጥፎታል። አሥራ ስምንት ዓመት በተከታታይ ድራማ የአገሩን ልጅ በድምፄ ሳሳድግ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ልጅ ግን አልወለድኳትም አለ። ቤተልሔም የሠራተኛችን የወለላ ልጅ እንደሆነች፣ ወለላ ቤይሩት ስትሄድ እኔ ጋ ትታት እንደሄደች፣ እኔም «ወለድኩ» ብዬ ለጋዜጣ ፎቶ እንደተነሳሁ አንድ ሳያስቀር ዘከዘከው። ከማን እንደሰማ ሲጠየቅ «ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ምንጭ» ይላል።

እውነት ነው፤ አንተም ያኔ ቤት ውስጥ ነበርክ። ግን እውነት ስለሆነ የናዖድ ንብረት ይሆናል?

ቤተልሔም ያየችው ሳን ሆዜ፣ ሆስፒታል ውስጥ በምሳ ሰዓቷ ነው። አብራት የምትሠራ ሐበሻ ነርስ «ይቺ እናትሽ አይደለችም እንዴ?» ብላ ስልኳን ሰጠቻት። በዚያው ቀን አንድ መልእክት ላከችልኝ፦ «አይ ኒድ ስፔስ»። ይኸው ሃያ ቀኗ፣ አንድ ቃል አልጨመረችም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኋት ልጅ ከእኔ የምትፈልገው መራቅ ብቻ ሆነ። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፤ የአገር ሳቅም ቢሆን ያልፋል። እሷን ያሳጣኝን ሰው ግን አልምረውም።

ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ «ሃቭ ኤ ናይስ ደይ» ብቻ ስል ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ኦክላንድ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ መጀመሬን ታውቃለህ። በጥር የተማርነው ስለ ሚዲያ ነበር፤ ፓፓራዚ፣ ጎሲፕ፣ ስካንዳል፣ ፕራይቬሲ፣ ደግሞም የሰው ጠባይ የሚገልጹ ቃላት። መምህርቷ ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠችንና «አንዳችሁ ዝነኛ፣ አንዳችሁ ጋዜጠኛ ሁኑ፣ ከዚያ ተቀያየሩ» አለች። ለእኔ የደረሰኝ ሚልክያስ ነው፤ ኡበር የሚነዳ፣ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሕፃናት በቫን የሚያመላልስ፣ ከክፍል በኋላም እኔን እስከ ቤቴ የሚያደርሰኝ ሰው። ከወረቀቱ ላይ አነበበ፦ «ለጋዜጠኛ ነግረሽ የማታውቂው ነገር ምንድን ነው?»

ነገርኩት። በአማርኛ ቢሆን ጥርሴን ቢያወልቁኝ አልናገርም ነበር። በእንግሊዝኛ ግን የራሴ አልመሰለኝም፤ የሌላ ሴት ታሪክ አንብቢ ተብሎ የተሰጠኝ መሰለኝ። እሱም ተራው ሲደርስ የራሱን ነገረኝ። ተሳሳቅን፣ መምህርቷም «ቬሪ ጉድ» አለችን። በአምስተኛው ሳምንት ቪዲዮው ወጣ።

አዋላጇ ከሞተች ወዲህ ይህን ነገር በዓለም ላይ የምናውቀው አራት ሰዎች ነን። ወለላ ከሄደች ድምጿ የለም። አንተ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይዘኸዋል። ማን ቀረ?

ፕራይቬሲ የሚሉትን በአማርኛ ምን እንደምትለው ጻፍልኝ። አንተ የእንግሊዝኛ መምህር ነህ፣ መዝገበ ቃላቱ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

እህትህ ሮማነወርቅ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ደግሞም መንገደኛ አላገኘሁም። አሁን በረከት ወደዚያ ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬያለሁ።

ቪዲዮውን ጎረቤት አሳየኝ። አንጀቴ አረረ። ስለ ቤተልሔም የጻፍሽውን ሳነብማ መነጽሬን አውልቄ ቁጭ አልኩ። እንደ ልጄ ነበረች።

ፕራይቬሲ ላልሽው፣ ተማሪዎቼ በጠየቁኝ ቁጥር የተለያየ ነገር እመልስላቸው ነበር። ለአንቺ ግን የሚስማማው ገመና ይመስለኛል። ሰው ሸፍኖ የሚይዘው፣ ሌላው ቢያየውም እንዳላየ የሚያልፈው ነገር ነው።

«ጋዜጠኛ አንተ ጋ መጥቶ ነበር ወይ?» ብለሽ በፖስታው ጀርባ በእርሳስ ለጨመርሽው ጥያቄ፣ ወደ እኔ ቤት ማን ምን ሊያደርግ ይመጣል ብለሽ ነው? ጡረተኛ መምህር ነኝ። የሚመጣው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው።

ስለ ሰውየው አትቸኩይ። በደንብ የማያውቁት ሰው ላይ ጣት መቀሰር ይከብዳል። ደግሞ ጾም ነው፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ለእግዚአብሔር ስጪውና ተይው። ለመሆኑ ስለ እሱ ምን ታውቂያለሽ?

ወንድምሽ ሰረቀብርሃን


ሳን ሊያንድሮ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2024

ሰረቀ፣

ለእግዚአብሔር ስጪው ስላልከኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ሥራ በዝቶበታል፣ የእኔን እኔው እይዘዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውንስ ለምን አልጻፍክልኝም? ያንተ ተረቶች ሁሉ ለወጊው የሚያደሉ ሆኑብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ መምህርቷ የሰው ጠባይ ቃላትን በሁለት ዓምድ ጻፈች፣ ጥሩውን በቀኝ፣ መጥፎውን በግራ። ትረስትዎርዚ፣ እምነት የሚጣልበት ማለት ነው፣ በቀኝ። ቪንዲክቲቭ፣ ቂመኛ፣ በግራ። እኔ ብሆን ይህንን ወደ ቀኝ አዛውረው ነበር። ቂመኛ ሰው ቢያንስ አይረሳህም።

ሚልክያስ አጠገቤ ተቀምጦ ሁለቱንም ቃላት በንጹሕ ጽሕፈቱ ገለበጠ። አሁንም ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። 880 በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተጨናንቆ ስንንፏቀቅ «እትዬ ሮማን፣ ቤቲ አሁንም አልደወለችም?» ይለኛል። «አልደወለችም ልጄ» እለዋለሁ፣ ስወርድም እመርቀዋለሁ። ተዋናይ መሆኔን የረሳ ሁሉ የሚያስታውስበት ቀን ይመጣል። «ቤንዚኑን ልክፈል» ስለው እምቢ አለኝ። ነውር የሠራ ሰው ነው እንዲህ የሚለፋ።

ስለ እሱ ምን ታውቂያለሽ ብለሃል። የማውቀውን ልንገርህ። በዚያ ጨዋታ ተራው ሲደርስ «ለጋዜጠኛ ያልነገርከው ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። «ዋን ቦይ። ማይ ሚኒባስ። ሂ ዳይድ» አለኝና ሳቀ፤ ሰው ሲያፍር የሚስቀውን ሳቅ። በ2003 ዓ.ም. ሳሪስ መንገድ ላይ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ገጭቶ ገድሏል። ተፈርዶበት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታስሯል። ከወጣ በኋላ ዲቪ ደረሰውና ይኸው እዚህ ስድስት ዓመቱ ነው። ማንም አያውቅም። አሁን የሰው ልጆች በቫን ይጭናል።

እና አንድ ነገር አድርግልኝ። ወመዘክር ግባና የ2003 ጋዜጦችን አገላብጥልኝ፤ በአደጋ ዜናው ላይ ስሙ ከነአባቱ ስም መውጣቱን ራሱ ነግሮኛል። ገጹን አስገልብጠህ ላክልኝ። የሴት ቃል ብቻውን ለናዖድ አይበቃውም፣ ወረቀት ይወዳል። ሚልክያስ ልጄን አሳጥቶኛል፣ እኔም እነዚያን ልጆች አሳጣዋለሁ።

አትምከረኝ። ወይ ላክልኝ፣ ወይ እምቢ በለኝ።

ሮማነወርቅ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን ለሆሳዕና አደረሰሽ።

ገጹ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ የነሐሴ ወር ጋዜጦች ተዘበራርቀው ነበር። ዜናው በስድስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው፣ አጭር ነው። የልጁም ስም አለበት። ስታነቢው ልብሽን አደራ።

እምቢ ማለት እንደምችል ጽፈሽልኝ ነበር። አልቻልኩም። አንቺ ለምነሽኝ እምቢ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የምነግርሽ ሌላ ነገርም ነበረኝ። ግን በዓል ደርሷል፣ መንገደኛውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ይህን ወረቀት ከመጠቀምሽ በፊት እባክሽ አንድ ሳምንት ቆዪ።

ሰረቀብርሃን


ሳን ሊያንድሮ፣ ሜይ 11 ቀን 2024

ሰረቀ፣

በዓሉን እንዴት ዋልሽ ብትለኝ፣ ጾሜን ከነቂሜ ፈታሁ።

አንድ ሳምንት ቆዪ ብለኸኝ ነበር። አንድ ቀን ቆየሁ። ስልኬን ከፍቼ ገጹን ለናዖድ ላክሁለት፣ ከፋሲካ ማግስት ሰኞ አወጣው። «የሕፃናቱ ሹፌር» ይላል፤ አርዕስት ማውጣት ይችልበታል። ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን ወላጆች ተሰበሰቡ። አባ የቫኑን ቁልፍ ተቀበሉት። እንዲያስረዳ ዕድል ሰጥተውት ነበር፣ እሱ ግን «ልክ ናችሁ» ብሎ ወጣ አሉ። አንዲት እናት፣ አራት ዓመት ልጇን ሲያመላልስላት የኖረ ሰው ፊት፣ ልጇን ወደ ጀርባዋ ሳበቻት። ይህን የነገሩኝ ሰዎች የማዝን መስሏቸው ነበር። ጣፈጠኝ። አልዋሽህም፣ ያን ቀን ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን እህል በልቼ ጠገብኩ።

ሐሙስ ደግሞ ቤቴ መጣ። አልገባም፣ በር ላይ ቆመ። ሁልጊዜ «እትዬ፣ አንቺ» የሚለኝ ሰው በእርስዎ ነው ያናገረኝ።

«ማን እንደነገረብኝ አልጠይቅዎትም፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት» አለኝ። «ለምን እንዳደረጉት ዛሬ ገና ገባኝ። እርስዎን ግን እኔ አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ማን?» አልኩት።

«አላውቅም። እርስዎ ‹አንዲት ሠራተኛ› ብቻ ነው ያሉኝ። ወለላ የሚለውን ስም ከቪዲዮው ነው የሰማሁት።»

ሄደ። ደህና ተዋናይ ነው አልኩ ለራሴ፣ በሩንም ቆለፍኩ። ግን እስካሁን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቪዲዮው ውስጥ ስሟ አለ፣ ቤይሩት አለ፣ ቤቲ በጥቅምት ገብርኤል ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል መወለዷ ሁሉ አለ። ያን ሁሉ ለመናገር የሚበቃ እንግሊዝኛ የት አለኝ? አንተ ታውቃለህ ያለኝን እንግሊዝኛ። ምናልባት መኪና ውስጥ በአማርኛ ጨምሬለት ይሆናል፣ አላስታውስም። ስሟን ነግሬዋለሁ ብዬ ጽፌልህ አውቃለሁ ወይ? የድሮ ደብዳቤዎቼን ተመልከትልኝ።

ቤተልሔም አሁንም ዝም እንዳለች ናት።

ሮማነወርቅ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ስሟን አልነገርሽውም። እኔ ነኝ የተናገርኩት።

በጥር መጀመሪያ ናዖድ ሁለት ልጆችና ካሜራ ይዞ መጣ። «የሮማነወርቅን ውለታ የሚዘክር ፕሮግራም እያዘጋጀን ነው» አለኝ። ሱፌን ለበስኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አንቺ ጠየቀኝ። ስለ ልጅነትሽ፣ ስለ ድምፅሽ። ሁሉንም በደግ በደጉ መለስኩ። ከዚያ መብራቱን አጠፉ። ልጆቹ ገመድ መጠቅለል ሲጀምሩ ናዖድ «መምህር፣ እርስዎስ? ስለ እርስዎ ማንም ጠይቆ አያውቅም?» አለኝ።

እታለም፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር የሮማነወርቅ ወንድም ነበርኩ። ሚስት ስጠይቅ የሮማነወርቅ ወንድም ነበርኩ። ሰው የሚሰማው አንድ የሠራሁት ነገር ፈለግሁና አጣሁ። ያገኘሁት የቤተልሔምን ነገር ብቻ ነው። አዋላጇን የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ወለላን ኤርፖርት የሸኘሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምሥጢሩን የያዝኩት እኔ ነኝ አልኩት። እንደ ጀብዱ ነገርኩት። መብራቱ ከጠፋ ካሜራውም የጠፋ መስሎኝ ነበር። ለተማሪዎቼ «ኦፍ ዘ ሬከርድ» ማለት ከመዝገብ ውጪ ማለት ነው እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ወመዘክር ስገባ ሚልክያስ ንጹሕ መሆኑን አውቅ ነበር። ገጹን ስገልጥም አውቅ ነበር። አንዴ ከዋሸሁሽ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። አንቺ እሱን ስትጠረጥሪ እኔ ጋ አትደርሺም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከዚህ የባሰ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

አሁን የምለምንሽ አለኝ። ናዖድ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ «የወንድሟ ሙሉ ቃል» ብሎ ሰኔ 2 እሑድ ሊያሳየኝ ነው። ፊቴ ይታያል። ያስተማርኳቸው ልጆች፣ እድርተኛው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። አንቺን ይሰማሻል። እንዲያስቀረው ንገሪልኝ። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ አስቀሪልኝ።

ሰረቀብርሃን


ሳን ሊያንድሮ፣ ጁን 16 ቀን 2024

ሰረቀብርሃን፣

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ናዖድ ማስታወቂያ ባያወጣ ኖሮ አንድ ቃል አትተነፍስም ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲሉ የተረት ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ኦክላንድ ሚልክያስ ዘንድ ሄድኩ። በር ከፈተልኝ፤ እኔ እሱን በሩ ላይ አቁሜው ነበር፣ እሱ ግን ይግቡ አለኝ። ቁጭ ብዬ ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት፣ የወረቀቱንም ነገር፣ ያንተንም ነገር። ይቅር በለኝ አልኩት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዳልልዎት ቄስ አይደለሁም» አለኝ። አባ ቁልፉን ሊመልሱለት ጠርተውት ነበር፣ አልቀበልም ብሏል። «ልጆቹ አሁን ሲያዩኝ ያውቃሉ» አለኝ። ወደ መኪናው ወርዶ ሊያደርሰኝ ሲል ሸሸሁት፤ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ይህ በእኔ ላይ ያለ ዕዳ ነው፣ ከአንተ ጋር አልካፈለውም።

ናዖድ ደግሞ ራሱ ደወለልኝ። ቪዲዮህን ከማሳየቱ በፊት በቀጥታ ስርጭት እንድቀርብለት ፈለገ። እሺ አልኩት። ሰኔ 2 እሑድ ቀሚሴን ለብሼ ስልኩ ፊት ተቀመጥኩ። ስለ ልጄ እውነት መሆኑን ተናገርኩ፤ ዋሽቼ እንደነበርም ተናገርኩ። የሚልክያስን ገመና በቂም የሸጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እሱም ምንም እንዳልበደለኝ ስሙን ጠርቼ ተናገርኩ። ናዖድ ይህን አልጠበቀም፤ ይንተባተብ ጀመር። ከዚያ ያዘጋጀውን አወጣ። «ወንድምዎ መምህር ሰረቀብርሃን ግን በዚህ ቪዲዮ ላይ…»

«ወንድም የለኝም» አልኩት።

«ይቅርታ፣ የሚኖሩት አዲስ አበባ…»

«አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው አለ። የእኔ ወንድም የሚባል ግን የለም። ነኝ የሚል ሰው ካለ አላውቀውም።»

በቁጣ እንዳልተናገርኩት ታውቃለህ፣ እድርተኛውም ጎረቤቱም ሳይሰማ አይቀርም። አሥራ ስምንት ዓመት በሠራሁበት ድምፅ ነው የተናገርኩት፤ ያመነኝ አገር ዛሬም ያምነኛል። ናዖድ ቪዲዮህን አላወጣውም። የማላውቀው ሰው ወሬ ለእሱም አይሸጥለትም። እንዲቀርልህ ለምነኸኝ ነበር፣ ቀርቶልሃል።

ረቡዕ ቤተልሔም ከሳን ሆዜ መጣች። ስርጭቱን አይታዋለች። «ማሚ» አላለችኝም፣ ግን መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ በአማርኛ መለስኩላት። ስለ ወለላ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነውን፣ ቤይሩት ከሄደች በኋላ ያልላከችውን ደብዳቤ። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ግን አልተቃቀፍንም። ገና ነው።

ስትወጣ በር ላይ ቆማ መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሄዳ የወለላን ዘመዶች እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከዚያ የት እንደምታርፍ ጠየቀችኝ።

«ሆቴል» አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ሮማነወርቅ